ዋጋው ተከፈለ፤ አደራውስ?

ሰው የተዋሰውን ዕቃ ቢሰብርና ዋጋውን ሳያጓድል ቢከፍል ከዕዳው ነጻ ወጣ ማለት ነውን? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነጋዴ ቢጠየቅ «ከከፈለ ሌላ ምን ይጠየቃል?» ብሎ ይገላገለዋል። ዳኛም ብዙ ጊዜ ከነጋዴው መልስ እምብዛም አይርቅም። በዚህ ጽሑፍ ግን መልሱ የሚታሰበውን ያህል ቀላል አለመሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። ለምሳሌ የመረጥነውም በሩቅ አገር የተሰበረች የአንዲት አሮጌ ትንሽ ጊታር ታሪክ ነው። ራሽን በሚጠበቅበት፣ ውሃ በወረፋ በሚቀዳበት ሰፈር ስለ ጊታር ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምነዋለን፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ምጣዳችንና ወደ ሳጥናችን መምጣቱ አይቀርምና። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የጊታሯን ዘር እንቁጠር። ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን በ1796 በጀርመን፣ በሳክሶኒ ግዛት፣ ማርክኖይኪርኸን በምትባል የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች ከተማ ተወለደ። በዚያች ከተማ እያንዳንዱ ሙያ የራሱ ማኅበር ነበረው። ቫዮሊን ሠሪዎች አንድ ማኅበር፣ የቤት ዕቃ የሚሠሩ አናጢዎች ደግሞ ሌላ ማኅበር ነበራቸው። የማርቲን ቤተሰብ ከአናጢዎቹ ወገን ሲሆን ጊታርም ይሠሩ የነበሩት እነዚሁ አናጢዎች ነበሩ። ቫዮሊን ሠሪዎቹ «የሙዚቃ መሣሪያ የኛ እንጂ የአናጢ ሥራ አይደለም» ብለው አቤቱታ አቀረቡ፤ ክርክሩም ዓመታት ፈጀ። ማርቲን በ1833 ቤተሰቡን ይዞ አገሩን ለቀቀና ኒው ዮርክ ገባ። በ1839 ደግሞ ወደ ፔንሲልቬንያ ተሻግሮ ናዝሬት በምትባል ከተማ አጠገብ ሰፈረ። ናዝሬት ስንል የኛይቱን፣ ዛሬ አዳማ የምትባለውን ማለታችን አይደለም፤ በስም የምትጋራት የአሜሪካ ከተማ ናት። ማርቲን በ1873 ሞተ። ሥራው ግን በልጁና በልጅ ልጆቹ እጅ ቀጠለ፤ ድርጅቱ ዛሬም በዚያችው ከተማ አለ። ጊታሯ የስደተኛ ቤት ሥራ መሆኗን አንባቢ ለጊዜው በልቡ ይያዝልን።

በ1870ዎቹ ከዚያ ሥራ ቤት ይወጡ የነበሩት ጊታሮች ዛሬ በየመድረኩ ከምናያቸው ያነሱ ነበሩ። ዛሬ የተለመደው ሆደ ሰፊ ጊታር የመጣው ከ1916 ወዲህ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ድሬድኖት ከተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ነው። የቀድሞው ጊታር ግን ወገቡ ጠበብ፣ ክብደቱ ቀለል ያለ፣ ጉልበት ላይ እንደ ሕፃን የሚቀመጥ ነበር። የሚወጠረውም በብረት ክር ሳይሆን እንደ አባቶቻችን በገና በጅማት ነበር። ፊቱ ስፕሩስ ከሚባል የፈረንጅ ዛፍ ይሠራል። የተሻሉት ጀርባቸውና ጎናቸው ሮዝውድ ከሚባለው የብራዚል እንጨት ነበር፤ ይህ ዛፍ ከመመናመኑ የተነሣ ከ1992 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ከሞላ ጎደል ታግዷል። ከፊቱ ሥር፣ ዓይን በማያይበት ቦታ፣ ቀጫጭን የእንጨት ድጋፎች እንደ መቀስ ተጠላልፈው ፊቱን ደግፈው ይይዛሉ። ድምፁ አዳራሽ አያናውጥም። በአንድ ክፍል ውስጥ ለተቀመጡ ሰዎች ግን ይበቃል።

ከነዚህ ጊታሮች አንዷ፣ ዕድሜዋ 145 ዓመት ያህል መሆኑ የተነገረላት፣ በናዝሬት ባለው በድርጅቱ ሙዚየም ትጠበቅ ነበር። የአሜሪካው ፊልም አዘጋጅ ኩዌንቲን ታራንቲኖ በ2015 ለሕዝብ ላቀረበው «ዘ ሄትፉል ኤይት» ለተባለው ፊልም በትውስት ወጣች። የፊልሙ ታሪክ የሚፈጸመው ከአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ነውና ለዘመኑ የምትገባ መሣሪያ አስፈልጋ ነበር። በአንዱ ትዕይንት ተዋናይቱ ጄኒፈር ጄሰን ሊ ጊታር እየመታች ትዘፍናለች፤ ከርት ራስል የሚተውነው ሰው ደግሞ ተቆጥቶ ከእጇ ይነጥቅና ከምሰሶ ጋር አጋጭቶ ይሰብራል። ለመሰበሪያ የሚሆኑ ስድስት አምሳያዎች ተሠርተው እንደነበር የፊልሙ የድምፅ ባለሙያ ተናግሯል። ሐሳቡ ዘፈኑ በእውነተኛዋ ጊታር እንዲቀረጽ፣ ከዚያ ቀረጻው እንዲቆም፣ እውነተኛዋ ወጥታ አምሳያዋ እንድትተካና የምትሰበረውም አምሳያዋ እንድትሆን ነበር።

ይህ ሐሳብ ግን ሰባሪው ዘንድ አልደረሰም። ቀረጻው ሳይቆም ቀጠለ፤ ራስልም በእጁ ያለው አምሳያ መስሎት እውነተኛዋን አደቀቃት። በፊልሙ ውስጥ የሚታየው የሊ ድንጋጤ ትወና እንዳልነበረ በኋላ ተነገረ። የምታውቀው እሷ ነበረች፤ ነገር ግን ጩኸቷ ከእጁ አልቀደመም።

ጊታሯ የምትጠገን አልሆነችም። የኢንሹራንስ ዋጋዋ ለሙዚየሙ ተከፈለ። ነገሩ በ2016 መጀመሪያ በአደባባይ ሲወጣ ሙዚየሙን ይመሩ የነበሩት ዲክ ቦክ ሁለት ነገር አስታወቁ። አንደኛ፣ ለእነሱ የተነገራቸው በቀረጻው ቦታ አደጋ መድረሱ ብቻ ስለነበር አንድ ነገር ወድቆባት መስሏቸው እንደነበረ፤ ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ቢከፈልም ነገሩ የገንዘብ እንዳልሆነና ከእንግዲህ ወዲህ ለፊልም ሥራ ጊታር እንደማያውሱ።

እንግዲህ ጥያቄያችን እዚህ ላይ ይነሣል። ዋጋው ተከፍሏል፤ የጎደለ ሳንቲም የለም። ታዲያ «ነገሩ የገንዘብ አይደለም» ማለት ምን ማለት ነው? ሐዘን ነው? ኩራት ነው? ወይስ ገንዘብ ሊደርስበት የማይችል እውነተኛ ዕዳ አለ?

ለዚህ መልስ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ ቋንቋችን ከኛ በፊት አስቦበታልና። ጎረቤት መጥታ አንድ ጣሳ ዱቄት ብትወስድ ብድር ነው። የራሽን ቀን ሲደርስ አንድ ጣሳ ዱቄት ትመልሳለች፤ ያንኑ ዱቄት አምጪ የሚላት የለም፣ ያ ተበልቷል። ምጣድ ብትወስድ ግን ትውስት ነው። የምትመልሰው ሌላ ምጣድ ሳይሆን ያንኑ ምጣድ ነው። ይህን ልዩነት ከመምህር ይልቅ እናቶች ያውቁታል። በጎመን ዘር የተሟሸ፣ እሳት የለመደ፣ እንጀራ የማይዝ ምጣድ ተሰብሮ በምትኩ ከገበያ አዲስ ምጣድ ቢመጣ ዋጋው እኩል ነው፤ ነገር ግን ባለቤቲቱ ስንት ቀን የተቀዳደደ እንጀራ ታወጣለች። ሦስተኛው አደራ ነው። አደራ እንድንጠቀምበት የተሰጠን ሳይሆን እንድናቆየው የተሰጠን ነው። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም ሦስቱን አላደባለቀም፤ ለየራሳቸው ቦታ ሰጥቷቸዋል። ባጭሩ ብድር ይከፈላል፣ ትውስት ይመለሳል፣ አደራ ይጠበቃል።

ትንሿን ጊታር በነዚህ በሦስቱ ቃላት እንመዝናት። ለፊልሙ ሰዎች ትውስት ነበረች። ለሙዚየሙ ደግሞ በወረቀት ንብረቱ ትሁን እንጂ በነገሩ አደራ ነበረች። ከሞቱት ሠሪዎቿ ተቀብሎ ገና ላልተወለዱት ያቆያት ነበር፤ ሙዚየም ማለትም ከዚህ ሌላ ትርጉም የለውም። ከተሰበረች በኋላ ገንዘብ ሲከፈል የሆነው ነገር ይህ ነው፤ ትውስቱ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወደ ብድር ተለወጠ። «ያንኑ መልስ» የተባለው «ተመጣጣኙን ውሰድ» ተባለ። ሙዚየሙ ለራሱ ድርሻ ተመጣጣኙን ተቀብሎ ይሆናል። ላልተወለዱት ግን ማን ይቀበልላቸዋል? እነሱ ተጎድተዋል፤ ካሣው ግን ስማቸውን አያውቅም።

እዚህ ላይ አማኑኤል ካንት የተባለው የጀርመን ፈላስፋ በ1785 በጻፈው የሥነ ምግባር መጽሐፍ ያደረገው ልዩነት ይጠቅመናል። እንደሱ አባባል ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ በሌላ እኩያው ሊተካ ይችላል፤ ከዋጋ ሁሉ በላይ የሆነና እኩያ የሌለው ግን ክብር አለው። ክብር ያለው ለካንት ሰው ነው፤ ዕቃ አይደለም። እኛም ጊታርን ከሰው ጋር አናስተካክልም፤ ጊታር ከሚሰበር የሰው ጣት አይሰበር። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ዓይነት ነገር መኖሩን ማስተዋል ይገባል። ይኸውም ሰው ስላልሆነ ዋጋ የሚወጣለት፣ ሆኖም ዋጋው ሲከፈል እኩያው በገበያ የማይገኝለት ነገር ነው። አሮጊቷ ጊታር እንዲህ ነበረች። የሟች እናት ፎቶግራፍም እንዲህ ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የሚመጣው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ተቃዋሚው እንዲህ ይላል፤ «ተዋናዩ ጊታሯን በእጁ ይዟት ከአምሳያዋ መለየት አልቻለም። በእጅ ተይዛ ካልተለየች፣ በዓይን ታይታ ካልተለየች፣ እኩያ የላትም የምትሉት በምኑ ነው? እናንተ የምታለቅሱለት ልዩነት በሐሳባችሁ ውስጥ ብቻ ያለ አይደለምን?» ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ነው።

መልሳችን በከፊል አዎን ነው። የሁለቱ ጊታሮች ልዩነት በችኮላ ለሚያይ ዓይን አይገለጥም። የልዩነቱ ትልቁ ክፍል ታሪክ ነው፤ ማን እንደሠራት፣ መቼ እንደሠራት፣ በስንት እጅ እንዳለፈች፣ ስንት ዘመን ከእሳትና ከውሃ ተርፋ እንደቆየች ነው። ታሪክ ደግሞ በእንጨት ላይ ተጽፎ ለሁሉ አይነበብም። የሚያውቀው ሰው ለማያውቀው ሲነግረው ብቻ ይተላለፋል። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው «ልዩነት የለም» የሚለው አይደለም። አባቱን የማያውቅ ልጅ አባት የለውም አይባልም፤ አልተነገረውም ነው የሚባለው።

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ዓይን የማያየው ዋጋ የሚኖረው በቃል ነው። ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ቃሉ አብሮት ካላለፈ፣ ዕቃው ሳይሰበር በፊት አደራው ተሰብሯል። በዚያ የፊልም ቤት ውስጥ ጊታሯን እውነተኛ ያደርጋት የነበረው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ «ይህቺ የሙዚየም ናት፣ እስክትለወጥ ጠብቅ» የሚል። ያ ዐረፍተ ነገር በቀረበት ቅጽበት ከስድስቱ አምሳያዎች ጋር ተደምራ ሰባተኛ አምሳያ ሆነች። ምሰሶው የጨረሰው ዝምታው የጀመረውን ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ሰው ባለማወቅ የሠራውን በፈቃዱ እንደሠራው አድርጎ መቁጠር አይገባም ይላል። ይህን ካለ በኋላ ግን አንድ ረቂቅ ነገር ይጨምራል፤ ባለማወቅ ያደረገ ሰው ያደረገውን ሲያውቅ ቢጸጸት በእርግጥ ያለ ፈቃዱ ነበር፤ ሲያውቅም ግድ ካልሰጠው ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ራስል ነገሩን ሲረዳ እጅግ እንዳዘነ አብረውት የነበሩት ተናግረዋል። ስለዚህ እጁ ሰበረ እንጂ እሱ ሰበረ ለማለት እኛ አንደፍርም። በሌላ በኩል ያው አርስቶትል ሊያውቅ ሲገባው በቸልታ ሳያውቅ የቀረ ሰው ባለማወቁ ራሱ ይጠየቃል ይላል። ይህ ፍርድ የሚያርፈው ዕቃው ሲወጣ ፈርመው በተቀበሉት፣ ልዩነቱን በሚያውቁትና መልእክቱን ማድረስ በሚገባቸው ሰዎች ላይ ነው። ስንት እንደነበሩና እነማን እንደነበሩ ማጣራት የኛ ሥራ አይደለም። ብዙ ሰው ባለበት ቦታ ግን እያንዳንዱ «ሌላው ነግሮታል» ብሎ ማሰቡ የታወቀ የሰው ጠባይ ነው። የሁሉ ሥራ የተባለ የማንም ሥራ ሳይሆን ይቀራል።

ስለ ዝምታ ሕዝባችን ሁለት ዓይነት ምክር ትቶልናል። አንዱ «ዝም አይነቅዝም» ይላል። ሁለተኛው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። እኛ ስደተኞች የመጀመሪያውን ጠንቅቀን ተምረናል። በፈራንባቸው ዓመታት ዝም በማለት ነፍስ አትርፈናል፤ የጓደኛን ስም ባለመናገር፣ መንገዱን ባለመግለጽ፣ ማን ከማን ጋር እንደሄደ ባለማውራት። ይህን ዝምታ ማንም ሊነቅፈው አይችልም፤ እሱም ራሱ አደራ መጠበቅ ነበረና። ነገር ግን ልማድ ከምክንያቱ በላይ ዕድሜ አለው። ጠላት በሌለበትም ዝም የምንል ሆነናል፤ ሚስጥር ያልሆነውንም እንደ ሚስጥር እንይዛለን። ሌላውን ለመጠበቅ ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ለመናገር በመስነፍ ዝም ማለት ሌላ ነው። የፊተኛው አደራን ይጠብቃል፤ የኋለኛው ያፈርሳል።

ይህ በባዶ የተነገረ እንዳይመስል ከሰፈራችን የምናውቀውን እናንሣ። አንዲት እናት የሦስተኛ አገር ዕጣ ወጣላቸውና መሄጃቸው ደረሰ። የተፈቀደላቸው ዕቃ ጥቂት ስለነበር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ለጎረቤታቸው «አደራ እታለም፣ እስክልክበት ድረስ» ብለው ሰጡ። በውስጡ የሟች ባለቤታቸው ፎቶግራፍ፣ የልጆቹ የትምህርት ማስረጃና አንድ ያረጀ ዳዊት ነበረበት። ጎረቤቲቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳጥኑን ከራስጌያቸው ሳያርቁ ጠበቁ። በተራቸው የራሳቸው መሄጃ ሲደርስ በጥድፊያ ከጎን ላለው ወጣት «ይህቺን ያዝልኝ ልጄ» ብለው ሰጥተው መኪና ተሳፈሩ። የማን እንደሆነች፣ ምን እንዳለባት አልነገሩትም፤ እሱም አልጠየቀም። አንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰ። ወጣቱ የሳጥኑን ቆርቆሮ ዘርግቶ ቀዳዳውን ደፈነ፤ ወረቀቱንም እሳት አያያዘበት።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ መጣ። ወጣቱ ጨዋ ልጅ ነውና አልካደም፤ «የሳጥኑን ዋጋ እከፍላለሁ» ብሎ አስጻፈ። እናቲቱ የጠየቁት ግን ሳጥን አልነበረም።

እዚህ ላይ የጊታሯን ታሪክ ሁሉ መልሰን እናገኘዋለን። የሰበረው ያላወቀው ነው። የሚያውቁት መልካም ሰው ናቸው፤ ሁለት ዓመት በታማኝነት ጠብቀዋል። የጎደለው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። የቀረበው ካሣም ለጠፋው ነገር የሚመጣጠን አይደለም፤ የሚከፈለው የዕቃው ነው፣ የጠፋው ደግሞ ዕቃው ይዞት የነበረው ነው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚባለውን ስንሰማ ብዙ ጊዜ አደራ በላውን ሌባ እናስባለን። ከሌባ ይልቅ ግን ብዙ አደራ የሚበላው ሳይነገር የቀረ ቃል ነው።

አሁን ወደ ሙዚየሙ ውሳኔ እንመለስ። «ከእንግዲህ ለፊልም አናውስም» አሉ። መብታቸው ነው፤ ባለ አደራ እንዲህ ማለቱም አይገርምም። ለኛ ግን ይህ መንገድ ያዋጣናል? አንድ ጊዜ ምጣድ የተሰበረበት ሁሉ ምጣዱን ቢቆልፍ፣ መጽሐፍ የጠፋበት ሁሉ መጽሐፉን ቢደብቅ፣ በዚህ ሰፈር ማን እንጀራ ይጋግራል? ማንስ ያነባል? ከመካከላችን ሁሉ ነገር የተሟላለት የለም። አንዱ ምጣድ አለው፣ አንዱ መጥረቢያ፣ አንዱ ክራር፣ አንዱ የሒሳብ መጽሐፍ። የኛ ኑሮ በትውስት የቆመ ነው። ደግሞም ክራር ተሰቅሎ እንዲኖር አልተሠራም፤ ጊታሯም ለመመታት የተሠራች ነበረች። በዚያ ቀረጻ ከመሰበሯ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ድምጿ በሰው ጣት ተነካክቶ ተሰምቷል፤ ይህን የሚሰጠው መቆለፍ ሳይሆን ማዋስ ነው። ስለዚህ መፍትሔው እጅን መዝጋት ሳይሆን አፍን መክፈት ነው እንላለን። ሰባሪውን ሊያስቆመው ይችል የነበረው ነገር ቁልፍ አልነበረም፤ ቃል ነበር።

ከዚህ ሦስት ግዴታ ይወጣል። አንደኛው የሰጪው ነው። ሰጪ ዕቃውን ሲሰጥ «ያዝልኝ» ብቻ ማለት አይበቃውም፤ የማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚጠበቅ፣ ምን እንደማይደረግበት ይናገር። ሁለተኛው የተቀባዩ ነው። ያልተነገረው ይጠይቅ፤ «ይህ ምንድን ነው? የማን ነው?» ማለት ነገር መፈለግ አይደለም፣ አደራ መቀበል እንጂ። በኛ ዘንድ ታላቅን መጠየቅ እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር ብዙ ወጣት አፍሮ ዝም ይላል፤ ስለዚህ ታላላቆች ሳይጠየቁ ቢነግሩ የተሻለ ነው። ሦስተኛው ዕቃው ከተሰበረ በኋላ የሚመጣ ነው፤ እንዴት እንደተሰበረ እውነቱን መናገር። ሙዚየሙ የነገሩን አካሄድ በወቅቱ ሙሉ በሙሉ አለማወቁ ከመሰበሩ ያላነሰ ሳይጎዳው አልቀረም። ዕቃ ሲሰበር የሚቀረው ታሪኩ ብቻ ነው፤ ታሪኩም ከተቀማ ባለቤቱ ምን ይዞ ያዝናል? በዚህ በኩል ያ ወጣት ለሳጥኑ ባለቤት እውነቱን በማስጻፉ፣ ዋጋ እከፍላለሁ ካለው ይልቅ፣ የበለጠ ዕዳ ከፍሏል ብለን እናምናለን።

አንባቢ አንድ ነገር ሊጨምርልን ይችላል፤ «እናንተ የምትናገሩት ስለ ዕቃ ነው፤ እኛ ግን ብዙ ዕቃ የለንም» ሊለን ይችላል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከዕቃ የሚበልጥ በእጃችን አለ። እዚህ ሰፈር ተወልደው አገራቸውን ያላዩ ልጆች አሉን። አያታቸው ከየት እንደመጡ፣ የመንደሩ ወንዝ ስሙ ማን እንደሆነ፣ በክረምት ጉም የሚወርድበት ተራራ በየት በኩል እንዳለ፣ «አደራ» የሚለው ቃል ራሱ ምን ያህል እንደሚከብድ ከኛ ካልሰሙ ከማንም አይሰሙም። ቋንቋውን ሰጥተናቸዋል፤ ምን እንደያዘ ግን ሳንነግራቸው ከሰጠናቸው ልክ እንደዚያ ሳጥን ነው። አንድ ቀን ጣሪያ ሲያፈስ ይደፍኑበታል፤ ብንቆጣቸውም አይፈረድባቸውም። መምህራን የሆንን ሁሉ ይህን እናስብ። ማስተማር ማለት ዕቃን ከነቃሉ ማስረከብ ነው።

ስለ ሰውም እንዲሁ ነው። በምዝገባ ጠረጴዛ ፊት ስንቆም ሁላችን ቁጥር ነን፤ አንዱ ከሌላው አይለይም። ይህ ክፋት ላይሆን ይችላል፤ የጠረጴዛው ጸሐፊ አልተነገረውም፣ የሚጽፍበትም ቦታ ጠባብ ነው። እርስ በርሳችን ግን ቁጥር ሆነን እንዳንቀር የሚያደርገን ያው መነጋገር ነው። ከጎናችን ያሉት ሽማግሌ ከስደት በፊት ምን እንደነበሩ፣ ወረፋ ላይ የምናያት ልጅ ምን ትችል እንደነበር የሚያውቅ ሰው ይንገር። አውቆ ዝም ያለ እንደሆነ ሌላው በችኮላ እጁ ያገኘውን ሰው እንደ አምሳያ ቆጥሮ ቢገፋው ምን ይገርማል?

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ ስንመለስ መልሳችን እንዲህ ነው። ብድር የነበረ እንደሆነ ዋጋውን የከፈለ ነጻ ነው። ትውስት የነበረ እንደሆነ ዋጋውን የከፈለ የሚችለውን አደረገ፤ ይቅርታ ግን ገና መጠየቅ አለበት፣ ይቅርታም በገንዘብ አይገዛም። አደራ የነበረ እንደሆነ ደግሞ ዕዳው የሚወርደው ሌላውን አደራ፣ ገና በእጁ ያለውን፣ ከነቃሉ ለሚቀጥለው ሲያስተላልፍ ነው። ለጠፋው ይህ አይተካለትም። የሚቀጥለው እንዳይጠፋ ግን ያደርጋል።

ይህቺ መጽሔትም በእጅ ተጽፋ ከድንኳን ወደ ድንኳን የምትዞር ናት። ለያንዳንዱ ቀጣና የደረሰችው ቅጂ አንዲት ብቻ ነች፤ አምሳያ የላትም። አንብቦ የጨረሰ ለጎረቤቱ ሲሰጥ የቀጣናው ሁሉ መሆኗን፣ ገና ያላነበቡ ሰዎች እንደሚጠብቋት፣ ለእሳት ማያያዣም እንደማትሆን በአፉ ይንገር።